ስደተኛው ጠበቃ ገዥ ሲሆን፦ ከደሴና ከአካባቢዋ ለደወላችሁ አድማጮች የሕግ ባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ (ከኮምቦልቻ የደወሉ አባት) ልጄ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማራል። «አሜሪካ ተሻግሬ ጠበቃ እሆናለሁ፣ ከዚያም እመረጣለሁ» እያለ ያስቸግረኛል። ባዕድ እዚያ ይሾማል እንዴ?

መልስ፦ አብሽሩ አባቴ፣ ዜግነት ካገኘ ይሾማል። ለስደተኛ የተዘጋው የፕሬዝዳንቱና የምክትሉ ወንበር ብቻ ነው። ጆን ፒተር አልትጌልድ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1847 ተወልዶ በሦስት ወሩ ታቅፎ አሜሪካ ገባ። ገና በጉርምስናው ዘመተ፣ አስተማረ፣ ሕግ አጥንቶ ሚዙሪ ውስጥ ጠበቃ ሆነ። ሺካጎ ሄዶ በመሬትና በሕንፃ ከበረ፤ ዳኝነትም ተቀመጠ። በ1892 የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ገዥ ሆኖ ተመረጠ።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) ተመርጦስ ምን ፈየደ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን የሚከበርበትን ምክንያት ይነካልና። በ1886 የሺካጎ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት እንዲሆን ተነሡ። ሄይማርኬት አደባባይ በተደረገ ስብሰባ ላይ ፖሊሶች መካከል ቦምብ ፈነዳ። ወርዋሪው ማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም፤ ስምንት ሰዎች ግን ተፈረደባቸው። አራቱ ተሰቀሉ፣ አንዱ በእስር ቤት ራሱን አጠፋ፣ ሦስቱ ወህኒ ቀሩ።

አልትጌልድ በሰኔ 1893 ሦስቱን ፈታ። ብዙ ታዋቂ ሰዎች «ማርልን» ብለው ፈርመውለት ስለነበር፣ «ይብቃቸው» ብሎ ዝም ቢል ማንም ብዙ ባልተቀየመው። እሱ ግን ጠበቃ ነበር። በወሎ አባጋር ሲያስታርቅ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ ነው ይቅር የሚባለው፤ አልትጌልድ ደግሞ «የሚታመን ጥፋት አልተረጋገጠም» ባይ ነው። የፍርዱን መዝገብ ገልጦ፣ ጥፋተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም ብለው የሚወስኑት ተራ ዜጎች (ጁሪ) እንዲፈርዱባቸው ሆን ተብለው እንደተመረጡ፣ ችሎቱን የመራው ዳኛም እንዳዳላ በረጅም ጽሑፍ ዘረዘረ። እኔ እንደማየው ተቺዎቹን ያስቆጣቸው መፍታቱ ሳይሆን ምክንያቱ ነው። ጋዜጦች «ባዕድ፣ ሥርዓት አልበኛ» ብለው አብጠለጠሉት። በዓመቱ የባቡር ፉርጎ ሠሪው የፑልማን ኩባንያ ሠራተኞች አድማ ሲነሣ ፕሬዝዳንት ክሊቭላንድ ገዥው ሳይጠይቅ ወታደር ላከ፤ አልትጌልድም ተቃወመ። በ1896 ምርጫ ተሸነፈ።

ጥያቄ፦ (ከሐይቅ) የእኛ አገር የሕግ ዲግሪ እዚያ ይሠራል?

መልስ፦ ብቻውን አይበቃም። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ነው። ለምሳሌ በኒውዮርክ ከውጭ የመጣ ምሩቅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሁለተኛ ዲግሪ ይማራል፤ ከዚያ የጥብቅና ፈተናውን ይወስዳል።

ጥያቄ፦ (ኮምቦልቻ፣ እኚያው አባት) እዚያ ተመርጦ ሲያበቃ ተመልሶ ለእኛ ይወዳደራል?

መልስ፦ የውጭ ዜግነቱን እንደያዘ አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያወጣል፤ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባዋል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ያሠራዋል። መምረጥና መመረጥ ግን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ተከልክሏል። ስለዚህ የሚወዳደረው ኮምቦልቻ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን እንዳይለውጥ ከአሁኑ ይንገሩት።