«እያየሁ ይሁን»

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ታካሚን በአጣዳፊነቱ የምትለዩ የትሪያጅ ባለሙያዎች፣ በራችንን የምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የሌሊት ተረኛ ሳለሁ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አንድ አባት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። የስኳር ሕመም አለባቸው። ውስጥ እግራቸው ቆስሎ መግል ይዟል፤ ያተኩሳቸዋል፣ የደም ግፊታቸውም ወርዷል። ቁስሉን ማየትና ማጠብ ነበረብን። ቸኩዬ ነበር። በጀርባቸው አስተኛናቸው፣ አልጋውን ከእግር በኩል ከፍ አደረግን፣ አንዱ ባልደረባችን ቁርጭምጭሚታቸውን ያዘ። ያኔ እኚያ ድምፃቸው እንኳ የማይሰማ ሽማግሌ ጮኹ፣ ተራገጡ፣ ነርሷን መቷት። ሁለት ጥበቃዎች ተጠርተው እጃቸውን ሲይዙ ባሰባቸው። ካርዳቸው ላይ በገዛ እጄ «የማይተባበር ታካሚ» ብዬ ጻፍኩ።

ነገሩን የለወጠችው ያቺው የተመታችው ነርስ ናት። ጥበቃዎቹን አስወጣች። አልጋውን አቅንታ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ዝቅ ብላ «አባባ፣ ቁስልዎን ማየት አለብኝ፤ እንዴት ባደርግ ይሻልዎታል?» አለቻቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እያየሁ ይሁን» አሉ፤ እግራቸውንም ራሳቸው ዘረጉላት። ስታጥባቸው ዓይናቸውን ከእጇ ላይ አላነሡም። ሥራው ሲያልቅ ሁለት ቃል ብቻ ወጣቸው፦ «ወፌ ላላ»።

አጠገቤ የነበረው ኢንተርን፣ ተለማማጁ ሐኪም፣ ቃሉን አያውቀውም። ከእናንተም መካከል የማያውቀው ይኖራልና ልንገራችሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ እስረኛው እጅና እግሩ ታስሮ፣ ከጉልበቱ ሥር ዘንግ ገብቶለት፣ ቁልቁል ተሰቅሎ ውስጥ እግሩን ይገረፍ ነበር። የዚህ ግርፋት ስም ነው። እኛስ በዚያ ሌሊት ምን አደረግን? በጀርባቸው አጋደምናቸው፣ እግራቸውን ከራሳቸው በላይ ሰቀልን፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ጨበጥን፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ጠራን። ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የሐኪም እጅ የገራፊ እጅ ሆነባቸው። እሳቸው በተገረፉበት ዘመን ይህ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ አእምሮ ውስጥ የሚቀር ሕመም በሕክምናው መዝገብ ዛሬ የምንጠራበት ስም፣ ፒቲኤስዲ (PTSD)፣ እንኳ አልነበረውም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሕመሞች መመደቢያው ውስጥ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

የሚራገጥ ታካሚ ቢያንስ ያስታውቃል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ዝም የሚለው ነው። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ የጠየቁትን ሁሉ «እሺ» እያለ፣ ልብሱ በመቀስ ሲቀደድ እንኳ የማይነቃነቅ። «ጨዋ ታካሚ» እንለዋለን። ነገር ግን በፍርሃት የደነዘዘ ሰው «እሺ» ማለቱ ፈቃድ አይደለም። በማሕፀን ምርመራ ላይ ያለች ሴት ድንገት ፊቷ ባዶ ሲሆን እጃችንን አንሥተን «ላቁም እንዴ እህቴ?» ማለት ይገባናል። ስታቆሙ የምትደርሱበትን ልንገራችሁ፤ ብዙዎቹ ትንሽ ተንፍሰው «ቀጥሉ» ይላሉ። የቸገራቸው ምርመራው አልነበረም፤ ማስቆም አለመቻላቸው ነበር።

አንድ ልማዳችንን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት ትንፋሽ አጥሯት፣ ጣቶቿ ተኮማትረው ትመጣለች። ከመካከላችን አንዱ «ኮንቨርሽን ናት» ይላል፤ የአእምሮ ጭንቀት በአካል ላይ ሲገለጥ የምንሰጠው ስም ነው። በጣቱ አንጓ ደረቷን አጥብቆ ይፈትጋል፣ ታስመስላለች ብሎ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል፤ በሰው ቤት ተቆልፎባቸው፣ ተደብድበውና ተደፍረው የኖሩ እንደነበሩባቸው የማናውቅ የለንም። እንዲህ ያለችውን ልጅ እያሳመሙ መፈተን ምርመራ ሊባል አይችልም፤ እኔ በበኩሌ በማዝዝበት ክፍል አልፈቅድም። ሌላም አደጋ አለው። የደሟን ስኳርና ኦክስጅን ሳንለካ፣ የልቧን ምት በኢሲጂ ሳናነሣ፣ አስም ወይም በሳንባዋ ደም ሥር የረጋ ደም አለመኖሩን ሳናጣራ «ጭንቀት ነው» ብለን ብንሸኛት ደጃፋችን ላይ ልትሞት ትችላለች። ብዙ መከራ ያየ ሰውም እንደማንኛውም ሰው ልቡንና ሳንባውን ይታመማል።

«ጊዜ የለንም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ኮሪደሩ በአልጋ ተጣብቦ እኔም ሠርቻለሁና አልፈርድባችሁም። ግን እንቁጠረው። እኚያን አባት ለመያዝ አራት ሰዎች ሃያ ደቂቃ ያህል ታግለናል፤ ቁስሉም አልታጠበም። የነርሷ ጥያቄና የእሳቸው ዝምታ ተደምረው ሦስት ደቂቃ አይሞሉም። ቀይ፣ ማለትም እጅግ አጣዳፊ፣ ተብሎ ለተመደበ፣ ደሙ ለሚፈስ ሰው እንኳ እጃችን ሳይቆም አፋችን ሊናገር ይችላል፦ «ሆስፒታል ነዎት። ልብስዎን ልቀድ ነው። አሁን ክንድዎን እይዛለሁ።»

ታሪካቸውን አውጡ ማለቴ ግን አይደለም። መጋረጃ በሌለበት፣ አስታማሚ በከበበበት «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ መጎትጎት ራሱ ያቆስላል፤ ያመጣት ሰው የደበደባት ራሱ ሊሆን ይችላል። የቅርብ ጊዜ ጾታዊ ጥቃት ስንጠረጥር ግን መጠየቅ አለብን፤ ለብቻዋ፣ በዝግታ፣ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት። ማደንዘዣና ማስተኛም መፍትሔ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ አሰቃቂ ነገር የደረሰባቸው አዋቂዎች በመጀመሪያው ወር የሚታይባቸውን የድንጋጤ ምልክት ለማስታገስ ዲያዜፓምን የመሰሉ መድኃኒቶች እንዳይሰጣቸው መክሯል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነው።

የጥበቃ ባልደረቦቻችንን ዛሬ የጋበዝኳችሁ በምክንያት ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን በተነሣው ጦርነት ያለፉ ታካሚዎች ከሐኪሙ በፊት የሚያዩት የእናንተን ደንብ ልብስ ነው። ከጎን ቆማችሁ፣ እጃችሁን እያሳያችሁ፣ ሰላምታ አስቀድማችሁ ብትፈትሹ ሥራችንን ግማሽ ታቀሉልናላችሁ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። «የማይተባበር» የሚለውን ቃል ከካርዶቻችን ላይ እናንሣው፤ በእሱ ፈንታ ቀጣዩን ተረኛ የሚረዳውን እንጻፍ። በእኚያ አባት ካርድ ላይ የመጀመሪያውን ሰርዤ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ተቀምጠው፣ እግራቸውን እያዩ ይታጠብላቸው። ቁርጭምጭሚታቸው አይያዝ።» በማግሥቱ ጠዋት የተረከበኝ ሐኪም ስለ ወፌ ላላ ምንም አልነገርኩትም። ካርዱን አነበበ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ቁስሉን አጠበ።

አመሰግናለሁ።