የምንመለስበት ሰዓት

እንደምን አመሻችሁ ወዳጆቼ። ቤታችሁንና ልጆቻችሁን ትታችሁ በዚህ ሰዓት ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለወጉ ያህል አይደለም የምለው። ዛሬ የማወራውም ስለዚሁ ነው፤ እኛ ብስክሌታችንን ይዘን ስንወጣ ቤት ስለሚቀረው ሰው።

እዚህ ካለነው አብዛኞቻችን በብስክሌት አንተዳደርም። ጠዋት ሥራ እንገባለን። ማታ ልጅ እናስጠናለን። አንዳንዶቻችን የታመመ ወላጅ እናስታምማለን። ቢሆንም ብስክሌት ለእኛ አየር መቀበያ ብቻ አይደለም። ውድድር እንመዘገባለን። ያንኑ ዳገት ካምናው ባነሰ ደቂቃ መውጣት እንፈልጋለን። ይህን ፍላጎት የሚንቅ ሰው ሲገጥመኝ ያናድደኛል። አንድ ትልቅ ሰው፣ ከነኃላፊነቱ፣ አሁንም መሻሻል እችላለሁ ብሎ መነሳቱ ሊከበር ይገባል።

ታዲያ የሁላችንም ቅሬታ አንድ ነው። ጊዜ የለም። እውነት ነው፣ የለም። ይሁንና እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ያቺን ያለችንን ሰዓት የምናገኝበት መንገድ ነው። ከእንቅልፍ ትንሽ እንቆርሳለን። ከምሳ ሰዓት ትንሽ፣ ከእራት ሰዓት ትንሽ። "አንዴ ዞር ብዬ ልምጣ" ብለን ወጥተን ሁለት ሰዓት እንቆያለን። እንዲህ ተቆራርሶ የመጣ ሰዓት ለልምምድም አይሆን፣ ቤት ውስጥም ቂም ያስይዛል። ሰዓት ተነጋግሮና ተስማምቶ፣ በግልጽ ነው መወሰድ ያለበት። በሳምንት ስድስት ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ሁሉም የሚያውቀው ስድስት ሰዓት ከተሰረቀ አሥር ሰዓት የበለጠ ሥራ ይሠራል።

በትንሽ ሰዓት ምን ይመጣል የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ሁለት ሰዎች ላንሳ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አሜሪካዊቷ ክሪስቲን አርምስትሮንግ በ2008 ቤጂንግ ላይ በግል የሰዓት ሙከራ፣ ማለትም እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት ውድድር፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች። በ2010 ወንድ ልጅ ወለደች። በ2012 ለንደን ላይ ወርቁን ደገመችው። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራች፣ ልጇን እያሳደገች፣ በ2016 ሪዮ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። ዝናብ ነበር። ሁለተኛ የወጣችውን የበለጠቻት በ5 ሰከንድ ከምናምን ነው። በማግስቱ 43 ዓመት ሞላት።

ሌላዋ ኦስትሪያዊቷ አና ኪዘንሆፈር ናት። የሂሳብ ተመራማሪ ናት፤ ያኔ ሎዛን በሚገኘው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ትሠራ ነበር። ፕሮፌሽናል ቡድን አልነበራትም። ልምምዷን የምታቅደው ራሷ ነች። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በ137 ኪሎ ሜትሩ የጎዳና ውድድር፣ ገና ከመነሻው ከዋናው ቡድን ተገንጥላ ወጣች። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር አብረዋት የነበሩትንም ጥላ ብቻዋን ሄደች። አንድ ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ቀድማ ገባች። ከኋላዋ የገባችው የኔዘርላንዷ አነሚክ ቫን ፍሉተን ያሸነፈች መስሏት እጇን ዘርግታ ነበር የጨረሰችው።

እነሱ ስለቻሉ እኛም ወርቅ እናመጣለን እያልኩ አይደለም። ተሰጥኦ አለ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ጉልበትም አለ። ነገር ግን ሌላ ሥራ ያለው ሰው ልምምድን የምሩን ሊይዘው እንደሚችል ለመጠራጠር ከእነሱ በኋላ ምክንያት ያለን አይመስለኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ሳምንት ልምጣ። መጀመሪያ አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ሮበርት ሂክሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሰዎችን በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ፣ ለ10 ሳምንት በብርቱ አሠለጠነ። ከዚያ ቀነሰላቸው። በአንደኛው ጥናት ቀኑ ወደ 4 ወይም ወደ 2 ወረደ። በሌላ ጥናት ደቂቃው ወደ 26 ወይም ወደ 13 ወረደ። ብርታቱ እስካልተነካ ድረስ፣ ሰውነታቸው በደቂቃ ሊጠቀም የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን አልወረደም። ቀኑንና ደቂቃውን ሳይነኩ ብርታቱን ሲቀንሱት ግን ወረደ። አንድ ነገር አለ፤ 13 ደቂቃ የሠሩት ረጅም ሰዓት ላይ የመቆየት አቅማቸው ቀንሷል። ስለዚህ ረጅሙ ጉዞ ጨርሶ አይጣልም። ሥራ በበዛበት፣ ልጅ በታመመበት ወር ግን "አለቀልኝ" ማለት አያስፈልግም። ሁለት አጭር፣ ብርቱ ልምምድ ያቆያችሁትን አቅም ትጠብቅላችኋለች።

ከዚህ የምወስደው ነገር ቢኖር ከባዱን ቀን በእርግጥ ከባድ፣ ቀላሉን ቀን በእርግጥ ቀላል ማድረግ ነው። ጊዜ የሌለን ሰዎች የምንወድቅበት ወጥመድ መሀል ላይ መዋተት ነው። ሰዓቷ ስላጠረች በወጣን ቁጥር ትንሽ እንጨነቃለን፣ ትንሽ እናልባለን። ሁሌ ደክሞናል፣ ሁሌ ግን እዚያው ነን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

እኔ ማክሰኞን ከባድ ቀን አድርጌ ይዤዋለሁ። ቤት ውስጥ፣ የኋላውን ጎማ ይዞ በሚያስነዳው ትሬነር ላይ። አራት ጊዜ ስምንት ደቂቃ። ይህን መርሃ ግብር የመረጥኩት በ2013 የስፖርት ተመራማሪው እስቲፈን ሳይለርና ባልደረቦቹ ካወጡት ጥናት ነው። ውድድር የዕለት ሥራቸው ያልሆነ ብስክሌተኞችን ለሰባት ሳምንት አሠሩ። አንዱ ቡድን 4 ጊዜ 4 ደቂቃ፣ አንዱ 4 ጊዜ 8፣ ሌላው 4 ጊዜ 16። የበለጠ የተሻሻሉት 4 ጊዜ 8 የሠሩት ናቸው፤ የልባቸው ምት ከከፍተኛው 90 በመቶ አካባቢ ነበር።

በተግባር እንዲህ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ማሟሟቅ። ከዚያ የመጀመሪያው ስምንት ደቂቃ። ይህች ታታልላለች፤ ቀላል ትመስላለች። ማርሽ ጨምር ጨምር ትላለች። አትስሟት። አራቱንም በእኩል ዋት፣ ማለትም ፔዳሉ ላይ በምናሳርፈው እኩል ኃይል፣ መጨረስ ነው ሥራው። በየመሀሉ ሁለት ደቂቃ ብቻ እረፍት አለ፤ ውሃ ትጠጣላችሁ፣ ፊታችሁን ትጠርጋላችሁ፣ አለቀ። ሦስተኛው ላይ፣ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ፣ አእምሮ መደራደር ይጀምራል። እዚያች ቦታ ላይ ነው ልምምዱ ያለው። አራተኛውን ጨርሳችሁ ቀስ ብላችሁ ስትበርዱ ከጀመራችሁ አንድ ሰዓት ሆኗል። አንድ ሰዓት ብቻ። ቬንትሌተር ፊት ለፊት ይኑራችሁ፤ ያለ ነፋስ ሰውነት ይግላል፣ የልብ ምት ያለ ሥራው ይወጣል፣ ዋቱ ይወርዳል።

ይህች አንድ ሰዓት እንዳትባክን ማታውኑ መዘጋጀት አለባት። የላብ ፎጣው መሪው ላይ ተሰቅሏል። ውሃው ተሞልቷል። ጫማው ትሬነሩ አጠገብ ነው፣ ሌሊት ቁምሳጥን ከፍቼ በር እንዳላንጓጓ። የደወሉ ድምፅ ጠፍቶ ስልኩ ትራስ ስር ይንቀጠቀጣል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሕፃን በተኛበት ቤት ውስጥ አንድ የጫማ ብረት ወለል ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ወላጆች ታውቁታላችሁ። ካልተዘጋጃችሁ ግን ከሰዓቷ ሩቡ ካልሲ በመፈለግ ያልቃል።

ሥራ በብስክሌት መሄድ የሚችል ሰው ይህን ዕድል አያሳልፈው። ቀላል ቀናችሁ እሱ ነው። ተዝናንታችሁ፣ እያወራችሁ መንዳት በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ። ከማንም ያልወሰዳችሁት ሰዓት ነው፤ መንገዱን ለማንኛውም ትሄዱት ነበር።

ስለ ረጅሙ ጉዞ ትንሽ ልቆይ፤ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው እሱ ነውና። የአራት ሰዓት ጉዞ ዋጋው አራት ሰዓት አይደለም። ስንመለስ ያለውንም ቁጠሩ። ሰውየው ቤት ገብቷል፣ ግን የለም። ሶፋ ላይ ተዘርግቷል። ልጁ ኳስ ይዞ ሲመጣ "ቆይ ትንሽ ልረፍ" ይላል። ወይም ስልኩን ይዞ የዋቱን ግራፍ ያያል። ባለቤቱ ጠዋቱን ብቻዋን ይዛ ቆይታ ከሰዓቱንም ብቻዋን ትይዛለች። እኔ ከዚህ የተነሳ ነው ብስክሌት ላይ መብላትን እንደ ቤተሰብ ጉዳይ የማየው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚሄድ ሰው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ባዶ ሆዱን አራት ሰዓት የነዳ ሰው ተንቀጥቅጦና ተነጫንጮ ነው ቤት የሚገባው። ያን ንጭንጭ የሚቀበለው ቤት ያለው ሰው ነው። ብሉ። በልታችሁ ስትመለሱ ገላችሁን ታጥባችሁ ከልጃችሁ ጋር ኳሱን ትጫወታላችሁ።

ወደ ስምምነቱ ልመለስ። ቤታችን እሁድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እኔና ባለቤቴ የሳምንቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እናደርጋለን። መጀመሪያ የሚጻፈው የማይነካው ነው። የሥራ ተረኛነት፣ የወላጅ ስብሰባ፣ የእናቴ የሐኪም ቀጠሮ። ቀጥሎ የእሷ ሰዓት። እሷም ከቤት ወጥታ የምትሠራው፣ የምትወደው ነገር አላት፤ ያ ሰዓት ከእኔ ልምምድ እኩል ነው የሚጠበቀው። ልጆቹን ይዤ እኔ እቀራለሁ፣ ስልክም አልደውልላትም፣ ካልሲው የት ነው አልላትም። ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱ ላይ የእኔ ሦስት የልምምድ ሣጥኖች የሚገቡት። "ሐሙስን ተወው፣ ማክሰኞን ግን አልነካብህም" ትለኛለች። ይህችን ቃል ይዤ ማክሰኞ ጠዋት ስነሳ ልቤ ቀና ነው። የሚከታተለኝ ዓይን የለም፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለም። በዚያ ስሜት የሚሠራ አንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚለይ ሞክራችሁ እዩት።

አንድ ደንብ አለን። ያመለጠ ልምምድ አይካካስም። ማክሰኞ ልጅ ካተኮሰው፣ ማክሰኞ ቀረ። ወደ ቅዳሜ አይዞርም። ሰውነትም ቢሆን ሁለት ከባድ ቀን ተደራርቦበት አይወድም። እኔንም ራሴን ካተኮሰኝ አልነዳም። እንቅልፌም ተከታትሎ ከሰባት ሰዓት በታች ከወረደ የሚቀነሰው ልምምዱ ነው። ሰውነት የሚጠነክረው በእረፍት ነው፤ ሌሊቱን ሲያስታምም ያደረ ሰው ንጋት ላይ አራት ጊዜ ስምንት ደቂቃ ቢሠራ ድካሙን ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ዋናው ቃል ኪዳን ግን የመመለሻ ሰዓት ነው። ቤት ላለው ሰው የምንወጣበት ሰዓት ብዙም አይጠቅመውም። እሱ የሚፈልገው መቼ እንደምንመጣ ማወቅ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ካልኩ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ነኝ። ጎማ ከተነፈሰ ወዲያው እደውላለሁ፤ ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ አይደለም። ዳገቱ ደስ አለኝ ብዬ አንድ ዙር አልጨምርም። ለሁለት ሰዓት ብሎ ወጥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ የተመለሰ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት የሦስት ሰዓት ጊዜ ሲጠይቅ ይሰጠዋል።

ለዚህ ነው ዛሬ ለክለባችን አንድ ሐሳብ ይዤ የመጣሁት። የጋራ ጉዞ ስንጠራ የምንጽፈው የመነሻ ሰዓቱን፣ የመሰብሰቢያ ቦታውንና ኪሎ ሜትሩን ነው። ከዚህ በኋላ የመመለሻውም ሰዓት ይጻፍ። ዘግይቶ የመጣ ሰው አይጠበቅ፤ አንድ ሰው የዘገየባት ሩብ ሰዓት በሃያ ቤት ትቆጠራለችና። ከጉዞው በኋላ ሻይ ቡና የሚል በነፃነት ይቆይ፣ ግን ሻይ ቡናው ከጉዞው ሰዓት ውጪ ተብሎ ይነገር። ቀድሞ መመለስ ያለበት ሰው በአጭሩ መንገድ ብቻውን እንዳይገባ፣ ሁልጊዜ አብሮት የሚታጠፍ አንድ አባል ይመደብ። ይህን አብሮ የመታጠፍ ተራ መጀመሪያ እኔ እወስዳለሁ።

ሐሳቡን ዛሬ ማታ ድምፅ እንድትሰጡበት ለሰብሳቢያችን አቅርቤያለሁ። ከተቀበላችሁት በመጪው እሁድ እንጀምራለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።