ጃጅቼ አይደለም፣ ትንፋሽ አጥቼ ነው
(በኮምቦልቻ ለአንጋፋ ሹፌሮች በተዘጋጀ የምስጋና ፕሮግራም ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ።

አንጋፋዎች፣ ወጣት ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ትራፊክ አደጋ አስር ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። ስለ ቀበቶና ስለ ፍጥነት ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድማችን በሚገባ ጨርሰውታል። እኔ የምናገረው ስለ ማንኮራፋት ነው።

ይኸው ሳቃችሁ። እንደምትስቁ አውቄ ነው የመጣሁት። ሳቁና ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።

31 ዓመት በዚህ የጂቡቲ መንገድ ላይ ኖሬያለሁ። በኤንትሬ፣ በጣሊያኑ የጭነት መኪና፣ ረዳትነት ጀምሬ በተሳቢ ጨረስኩ። ጋላፊን፣ ሚሌን፣ ባቲን «ዐይኔን ጨፍኜ አውቃቸዋለሁ» እል ነበር። ለካ አንዳንዴ እውነትም ጨፍኜ ነው ያለፍኳቸው።

እናንተ ታውቁኛላችሁ። ማታ ስንቆም ከእኔ መኪና አጠገብ ማንም አያድርም። «የእሱ ሞተር ሌሊትም አይጠፋም» ትሉ ነበር። ባለቤቴ ትራሷን ይዛ ልጆቹ ክፍል ገባች። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ዱካክ ነው» ብላ ከትራሴ ሥር ብረት አኖረችልኝ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «የጠገበ ሰው እንቅልፍ ነው» አልኩ።

አንድ ሌሊት ባቲ አድረን ረዳቴ በስልኩ ቀረጸኝ። ጠዋት ሻይ ቤት ስገባ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሁሉም ይንከተከታል። በሳምንቱ ድምፄ ጂቡቲ ደርሷል። የስልኩ መጥሪያ ድምፅ ያደረገው ልጅም አለ። እዚሁ አዳራሽ ተቀምጧል። አላየኝም እንዳትል።

ያን ሰሞን ነገር መርሳት ጀመርኩ። የስንቱን መኪና ሰሌዳ በቃሌ የማውቅ ሰው የጭነት ሰነድ ሚሌ ሻይ ቤት ጥዬ መጣሁ። ትንሹን ልጄን በወንድሜ ስም እጠራዋለሁ። ቁጡ ሆንኩ። ጠዋት ስነሳ ራሴ ይወቀራል፣ ስምንት ሰዓት ተኝቼ የቆፈርኩ ያህል ይደክመኛል።

ከዚያ ሐረጎ መጣ። ከደሴ እየወረድን ነው፣ ቀኑ ገና ረፋድ ነው። አንዱን ኩርባ ስታጠፍ አስታውሳለሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው ረዳቴ መሪውን ጠምዝዞ «ጋሼ! ጋሼ!» ሲል ነው። የቀኝ ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ለቋል። ፍሬን ይዤ ስቆም ጠጠሩ ወደ ገደሉ ሲንከባለል ይሰማኝ ነበር። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ተቀበለኝ። «ጃጅተሃል፣ እረፍ» አለኝ። 50 ዓመቴ ነበር። እናንተም ተቀበላችሁት። «እሱማ ነፈዘ» ያላችሁ ወንድሞቼ ናችሁ። ይህቺን ዛሬ ልናገራት ነው የመጣሁት። ሌሊቱን ሙሉ የሚታነቅን ሰው ጃጀ አትበሉት!

ነገሩን ያወቀችው የእህቴ ልጅ ናት። ነርስ ናት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቤቷ ምሳ ጠራችኝ። ጉርሻ በእጄ እንደያዝኩ አንቀላፋሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ የአክስቷ ልጅ ያንን ቅጂ አውጥቶ ከፈተው። እሷ አልሳቀችም። «ድገመው» አለችው። ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ማንኮራፋቱ ይሄድ ይሄድና ጸጥ ይላል። ሠላሳ አራት ስትል እንደ ሰመጠ ሰው ጎትቼ ተነፈስኩ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ አይተነፍሱም» አለችኝ። ስንቴ ሰምተነው ጸጥታውን አንዳችንም አልቆጠርነውም።

አዲስ አበባ ወሰደችኝ። ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ ጣቴ ላይ መቆንጠጫ፣ አፍንጫዬ ሥር ቱቦ አድርገው አስተኙኝ። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆመ ትንፋሽ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 በታች ደህና ነው፣ 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል። የእኔ 41 ወጣ። በየደቂቃ ተኩል አንዴ ማለት ነው። በሽታው ስሊፕ አፕኒያ ይባላል።

ለእናንተ ማስረዳት ቀላል ነው። የአየር ማጣሪያው ቱቦ ሲያረጅና ሲለሰልስ ሞተሩ ሲስብ ተጣብቆ ይዘጋ የለ? ጉሮሮም እንዲሁ ነው። ስንተኛ ጡንቻው ይላላል፣ አየር ስንስብ ይጣበቃል። ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። አንጎል ይደነግጥና ይቀሰቅስሃል፣ አንተ ግን መንቃትህን አታውቀውም። ጠዋት «ጥሩ ተኛሁ» ትላለህ። እና ይሄ ሁሉ ዓመት ሲደጋገም አንጎሉ ምን ይሁን?

ይህን ጥያቄ የኤንትሬ አገር ሰዎች መርምረውታል፣ ጣሊያኖች። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ሚላን ውስጥ 17 ታማሚዎችን አንጎላቸውን በኤምአርአይ አዩ። ሂፖካምፐስ የሚባል የማስታወሻ ክፍል አለ፣ ኦክስጅን ሲያጥር ቶሎ የሚጎዳ። እሱም፣ ማሰቢያው የፊተኛው ክፍልም ከጤነኛ ሰው ሳስተው ተገኙ። ከዚያ ሌሊት አየር የሚነፋ ማሽን ሰጧቸው። በ3 ወር ማስታወሳቸውም ትኩረታቸውም ተሻሻለ፣ የሳሳውም በከፊል ሞላ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአንጎሉን ነጭ ክፍል አዩ፣ ሽቦው በሉት። እሱ በ3 ወር ብዙም አልተለወጠም። በ12 ወር ግን ወደ ጤነኛው ሊደርስ ምንም አልቀረው። የእህቴ ልጅ ይህን ስታነብልኝ፣ አልደብቃችሁም፣ አለቀስኩ። «ጃጅተሃል» የተባለ ሰው «ይመለሳል» ሲባል ምን እንደሚሰማው እናንተ አታውቁትም።

ተአምር ነው አልልም። አሜሪካ ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ ማሽኑን ከማስመሰያ ማሽን ጋር ለ6 ወር አወዳድረው ነበር። በአእምሮ ፈተናው የታየው ልዩነት ትንሽ ነው። የቀን እንቅልፉ ግን ቀነሰ። ለእኛ እሱ ይበቃል፤ ሐረጎ ላይ ፈተና የሚፈትነን የለም፣ ነቅቶ መገኘት ነው።

ማሽኑ ሲፓፕ ይባላል። ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም ያሳወቀው። መጀመሪያ የሠራው በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሞተር ነው። መካኒክ ነው እንጂ ሐኪም አይመስልም! አየር በማስክ እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ ያሳድራል። የእኔን ልጄ ከዱባይ ላከችልኝ። በመጀመሪያው ሌሊት ሰዓት ሳይሞላ አውልቄ ወረወርኩት። ባለቤቴ አንስታ መልሳ አሰረችልኝ። መብራት ሲጠፋ ከመኪና ባትሪ አገናኘዋለሁ።

የቀን እንቅልፉ በሳምንት ለቀቀኝ። የማስታወሱ ነገር ቆየ። በሦስተኛው ወር አካባቢ ሰሌዳ ቁጥሮቹ ተመለሱ። ያበደርኩት ገንዘብም ትዝ ይለኝ ጀመር። አንዳንዶቻችሁ ጤንነቴን የጠላችሁት ያኔ ነው። ሌላ ባለንብረት አምኖኝ አራት ዓመት ነድቼ፣ በራሴ ፈቃድ ወረድኩ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ፈቃዴን ባሳደስኩ ቁጥር ዐይኔን ፈትነውኛል። ፊደሉን በሩቁ አንብቤያለሁ። «ሌሊት እንዴት ታድራለህ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም! አንድ! የመኪናዬን ፍሬን ፈትሸዋል፣ ጎማዬን ረግጠዋል። የሹፌሩን ትንፋሽ ማን ፈተሸ? ባለንብረቶችም፣ ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደሚቀየር ጽፋችሁ ትሰጡናላችሁ። «እንቅልፍ አስቸገረኝ» ብሎ የመጣን ሹፌር ግን ታባርራላችሁ። ስለዚህ ሁሉም ይደብቃል። ይደብቅና ይነዳል። ጫት ይዞ ይነዳል። ጫት እንቅልፍ ያባርር ይሆናል፣ ጉሮሮ አይከፍትም!

የቀረውን በአጭሩ። ውፍረት ያባብሰዋል፣ ቀጫጫም ግን ይታመማል። ማታ መጠጥና የእንቅልፍ ክኒን ጉሮሮን ይበልጥ ያላላሉ። በጀርባ ከመተኛት በጎን ይሻላል። አልታዘዝ ያለ የደም ግፊት ካላችሁ ይህንም አስመርምሩ። ቶንሲሉ ያበጠ ልጃችሁ ካንኮራፋ አሳዩት። ሚስቶቻችሁን ጠይቁ፣ እነሱ ያውቃሉ።

ማኅበራችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። ሌሊቱን የደም ኦክስጅን የሚመዘግብ የጣት መሣሪያ አለ። ሁለት እንኳ ይግዛልንና በተራ እንደርበት። አጠራጣሪ የሆነው ሐኪም ጋ ይሂድ።

ማሽኔን ይዤው መጥቻለሁ፣ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። መሰኪያ ያለው ከኋላ በኩል መሰለኝ። አንተ፣ ማንኮራፋቴን የስልክህ መጥሪያ ያደረግከው ልጅ፣ ና ወደዚህ ውጣ። ማስኩን መጀመሪያ የምታጠልቀው አንተ ነህ።