ዋተርሼድን ሰከላ ላይ ብንፈታው

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንድናገር ስትጋብዙኝ «ዋተርሼድ»ን የመረጥሁት አንድ ጊዜ ስላሳፈረኝ ነው። ጀማሪ ተርጓሚ ሳለሁ፣ ጦርነቱ ለአገሪቱ «ዋተርሼድ» ነበር የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። መዝገበ ቃላት ገለጥሁና «ጦርነቱ ለአገሪቱ ተፋሰስ ነበር» ብዬ አሳለፍሁት። አርታኢው በቀይ እስክሪብቶ ከጎኑ «እርከኑንስ ማን ሠራው?» ብለው ጻፉብኝ።

ቃሉ የጀርመንኛውን አብነት ተከትሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ግድም እንግሊዝኛ ውስጥ የገባ ነው። «ሼድ» ሲባል መጋዘን የሚመስላችሁ ተማሪዎች አትጠፉም፤ እኔም መስሎኝ ነበር። እዚህ ላይ ግን መክፈል፣ መለየት ማለት ነው። ፀጉር ለሁለት ሲበጠር መሃል ላይ የሚወጣውን መስመርም ድሮ በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር።

ስለዚህ ለእንግሊዞቹ ዋተርሼድ ዝናቡን ወዲያና ወዲህ የሚከፍለው የተራራ ጀርባ ነው። አሜሪካኖች ከጀርባው ወርደው ውሃው የሚሰበሰብበትን ምድር ሁሉ በዚያው ስም ጠሩት። የእኛ የግብርና ባለሙያዎች «ተፋሰስ» ያሉት ይህንን የአሜሪካኖቹን ነው። በጥር ወር ዶማና አካፋ ይዞ የወጣ ገበሬ የት ሄደ ቢባል «ተፋሰስ» ይባላል።

ምሳሌያዊው ፍቺ የበቀለው ግን ከጀርባው ላይ ነው። ከመስመሩ ወዲያ ያረፈች ጠብታ ወዲህ አትመለስም፤ ነገር ሁሉ የተለወጠበትን ዘመን እንዲህ ብለው ሰየሙት። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንኳ ለልጆች የማይገባ ነገር ማሳየት የሚፈቀድላቸውን ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 ሰዓትን፣ ዋተርሼድ ይሉታል።

እስቲ አሁን የዓባይ ምንጭ ወዳለበት ወደ ጎጃሙ ሰከላ እንውጣ። ክረምት ነው፤ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ከግሽ ዓባይ በላይ ካለው ከፍታ ቁሙ። አንዷ ጠብታ ወደ ሰሜን ትወርድና በግልገል ዓባይ አድርጋ ጣና ትገባለች። ወደ ደቡብ ያጋደለችዋ በብር ወንዝ ወይም በፈጣም ወንዝ ቁልቁል ትነጉዳለች። እንግሊዙ ቢሆን «ተለያዩ» ብሎ መጽሐፉን ይከድናል። የጣናዋ ግን በባሕር ዳር ወጥታ፣ በጢስ ዓባይ ተወርውራ፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞራ ትመጣና ቆላው ውስጥ እህቷን ታገኛታለች። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት የሙጋና የጨሞጋ ወንዞችም የሚገቡት እዚያው ዓባይ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን፤ ሲዞር ደግሞ የሚዞረው ጎጃምን ነው።

ቃላችንም ቢሆን «ተፋሰስ» ነው፤ እንደ «ተገናኙ»፣ እንደ «ተቃቀፉ» እርስ በርስ የሚል መልክ አለው። እነሱ ከተራራው ላይ መለየትን አዩ፤ እኛ ከሸለቆው መገናኘትን። ያ የእኔ ስሕተት የመጣው መገናኘትን በሚናገር ቃል መለየትን ልናገር ስል ነው። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸኝም፤ ሙሉውን አልነገረኝም እንጂ።

ያቺን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ቢሰጡኝ «ከዚያ ጦርነት ወዲያ አገሪቱ ሌላ አገር ሆነች» ብዬ እጽፋለሁ። ውሃም ተራራም የለበትም። አርታኢው አሁንም በሥራ ላይ ቢሆኑ ቀይ እስክሪብቷቸውን የሚያነሡ አይመስለኝም።

አመሰግናለሁ።