የአባቴ ሁለት ነጥብ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ማታ ማታ ስለምሠራው ሥራ ላጫውታችሁ።

አባቴ መምህር ነበር። ሲያርፍ 9 ደብተር ትቶልናል። ስለ ተወለደበት መንደር፣ ስላስተማራቸው ልጆች፣ ስለ እናቱ የጻፈው ነው። በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ አለ። በየቃሉ! ዛሬ አብዛኞቻችን ክፍት ቦታ ትተን እናልፋለን። እሱ ግን እስክሪብቶውን እያነሳ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ ነበር የሚጽፈው። ማታ ሲጽፍ ያቺ ድምፅ እስከ መኝታዬ ድረስ ትሰማኝ ነበር።

ደብተሮቹን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ እነዚያ ነጥቦች እንዲቀሩ አልፈለግሁም። ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ሁለት ነጥብ መምታት ደግሞ እጅ ይጨርሳል። ሁለት ገጽ ሞክሬ ተውኩት። ለዚህ ነው ማክሮ የያዝኩት።

ማክሮ ማለት የምጽፍበት ፕሮግራም፣ ዎርድ፣ እናንተ የሠራችሁትን ነገር በቅደም ተከተል ቀድቶ ይይዝና በኋላ ራሱ ይደግመዋል። ቪው ውስጥ ማክሮስ የሚል አለ፣ እሱ ጋ ሪኮርድ ማክሮ ትላላችሁ። እኔ ያስቀዳሁት ሦስት መተካት ነው። መጀመሪያ እህቴ ከጻፈቻቸው ገጾች ላይ ሁለት የፈረንጅ ኮለን ተደርድሮ ካለ ወደ አራት ነጥብ ይቀየራል። ቀጥሎ ክፍት ቦታ ሁሉ ሁለት ነጥብ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ከአራት ነጥብ በኋላ ያለው ክፍት ቦታም አብሮ ይቀየራል፣ አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ ይጣበቃሉ። ሦስተኛው እርምጃ ያንን ፈልጎ ክፍት ቦታውን ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ገጹ ይበላሻል። እያንዳንዱን ገጽ በየራሱ ፋይል ስለማስቀምጥ ማክሮው ሙሉ ፋይሉን ቢነካም ግድ የለኝም።

አቋራጭ ቁልፉ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ማክሮውን ለመቅዳት ስም ስትሰጡት እዚያው ኪቦርድ የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ስትነኩ የሚመጣው መስኮት የምትፈልጉትን ቁልፍ ተጫኑ ይላችኋል። እኔ ለአባባ ብዬ ኮንትሮልና ኤ (A) ተጫንኩ። ከሥሩ ይህ ቁልፍ አሁን ለምን ሥራ እንደተያዘ በትንሽ ጽሑፍ ይነግራችኋል። ሳላነበው አሳይን (Assign) የሚለውን ነክቼ አለፍኩ። ኮንትሮልና ኤ ደግሞ ሁሉንም መምረጫ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ ጽፌ ሁሉንም ልምረጥ ብዬ ተጫንኩ። ማመልከቻው በሙሉ ሁለት ነጥብ በሁለት ነጥብ ሆነ። ማክሮው የተቀመጠው ኖርማል በሚባለው መነሻ ፋይል ውስጥ ስለሆነ በከፈትኩት ሰነድ ሁሉ ላይ ይሠራል። ኮንትሮልና ዜድ አንዴ ብጫን አልተመለሰም። ሦስት መተካት ነበርና ደጋግሜ መጫን ነበረብኝ። ደነገጥኩ፣ እውነቴን ነው። የአባቴ ደብተር ላይ የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆን ብዬ ያን ሌሊት ሁሉንም ፋይል ከፍቼ አየሁ። ደህና ነበሩ።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ከስተማይዝ ሪበን ገብታችሁ፣ ከታች ከስተማይዝ የሚለውን ትነካላችሁ። ከዝርዝሩ ማክሮስ ጋ ወርዳችሁ የያዘውን ቁልፍ መርጣችሁ ሪሙቭ ትላላችሁ። ኮንትሮልና ኤ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና 9 ሰጠሁት፤ ለ9ኙ ደብተር። በዚህ ጊዜ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ማንም አልያዘውም ነበር።

አሁን አንድ ገጽ ጽፌ ስጨርስ ሦስቱን ቁልፎች እጫናለሁ፣ ነጥቦቹ ባንድ ጊዜ ይፈስሳሉ። ዓይኔ ከጽሑፉ አይነሳም። አንዳንዴ ገጹ የእሱን እጅ ስለሚመስል ወዲያው ወደሚቀጥለው አልሄድም፣ ትንሽ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ትናንት 4ኛው ደብተር ላይ እናቱ የሞተችበትን ቀን የጻፈበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ሁለት ነጥብ የለውም። አንድም የለውም። ቃላቱ በክፍት ቦታ ብቻ ተለያይተው ወርደዋል። መልሼ መልሼ አየሁት። ጽፌ ጨረስኩና እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ ፋይሉን እንዳለ አስቀመጥኩት።