የጠረፍ ምድርን ሙያቸው ለሚያደርጉ ወጣት ተመራማሪዎች፤ በድሬዳዋ የተደረገ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የጠረፍ ጂኦፖለቲካን ሙያው ሊያደርግ ለሚያስብ ድሬዳዋ ራሷ የመጀመሪያዋ ትምህርት ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 የጅቡቲው ባቡር የሐረርን ተራራ ትቶ ቆላውን ስለያዘ የተቆረቆረች ከተማ ናት።

ከስምምነቱ ቃል ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ መኮንንና የእንግሊዙ መልክተኛ ሮድ ሐረር ላይ በተለዋወጡት ደብዳቤ፣ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ወሰን አንዱ ክፍል 44 ዲግሪ ምሥራቅ ከ9 ዲግሪ ሰሜን ከሚገናኝበት ነጥብ ተነስቶ 47 ዲግሪ ምሥራቅ ከ8 ዲግሪ ሰሜን እስከሚገናኝበት በቀጥታ ይሄዳል። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆማል። ያው ሰነድ ግን በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች ማዶ ያለውን ግጦሽ የመጠቀም መብት ይሰጣቸዋል፤ ቅርብ ወዳለው የውሃ ጉድጓድም በነፃ ይደርሳሉ፤ በጉዟቸው ጊዜ ግን የሚዳኛቸው የሄዱበት ግዛት ባለሥልጣን ነው። በእኔ ሚዛን ከመስመሩ ይህ ቃል ይበልጣል። የአርብቶ አደሩን ጉዞ ከመነሻው «ሕገወጥ» ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ ሰነዱን አልጨረሰም።

ቀጥሎ ካርታው። ዩቲኤም ምድርን ባለ 6 ዲግሪ ዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ሥርዓት ነው፤ ቁጥሮቹ በየዞኑ ይደጋገማሉ። ድሬዳዋ በዩቲኤም ዞን 37፣ ሐረር በዞን 38 ናቸው፤ የሚለያቸው 42 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። የሁለቱን ነጥቦች ዞኑን ሳትጽፉ በአንድ ሰንጠረዥ ካስገባችሁ፣ ሐረር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ሄዳ ነቀምቴና ጊምቢ መካከል ትወድቃለች። በአዲንዳን ዳተም (የካርታ ነጥቦች በሚለኩበት የቀድሞ መነሻ) የተሠራ የቆየ ካርታ ላይ የዛሬ ጂፒኤስ ነጥብ ሳይቀየር ሲቀመጥ ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። ለከተማ ቀላል ነው፤ ሁለት ጎሳ ለሚከራከርበት ጉድጓድ ግን ባለቤቱን ያስቀይራል።

የመስክ ሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ክልል፣ ከዚያ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ። ኡጋዙን (የሶማሌ ጎሳ መሪውን) ወይም የአገር ሽማግሌዎቹን ሳታነጋግሩ መጠይቅ አትዘርጉ። አስተርጓሚያችሁ ከአንዱ ጎሳ ብቻ ከሆነ የሌላው መልስ ያጥራል፤ ስለዚህ ሁለት ያዙ፤ አንዱ የተረጎመውን ቅጂ ሌላው እንደገና ያዳምጠው።

ኬላ ላይ የጭነት መኪና ስትቆጥሩ የገበያ ቀን ብቻውን አይበቃም። ሰባቱንም ቀን፣ ሌሊቱንም ጨምሩ፤ ኮንትሮባንዱ ኬላውን ዞሮ ስለሚያልፍ የቆጠራችሁት ቁጥር የኬላው እንጂ የንግዱ እንዳልሆነ በግልጽ ጻፉ። የነገሯችሁን ሰዎች ስም ከማስታወሻው ለይታችሁ በሌላ ደብተር ያዙ፤ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ኬላ አትሂዱ።

አመሰግናለሁ።