መጀመሪያ ስለ ፍየል ላውራችሁ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ክረምቱን ያሳለፍኩት ናሚቢያ ነው። የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የሚባል ድርጅት ውስጥ ለሁለት ወር ኢንተርንሺፕ ወጥቼ ነበር። ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ “የአቦሸማኔ ፎቶ አሳዪን” ይለኛል። ፎቶ አለኝ፣ በኋላ እናያለን። መጀመሪያ ግን ስለ ፍየል ላውራችሁ።

አጎቴ ድሬዳዋ አካባቢ ፍየል ያረባል። ልሰናበተው ስደውል፣ “ለአቦሸማኔ ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠሽ የምትሄጂው? ለእኔ ፍየሎችስ ማን ይሂድላቸው?” አለኝ። ምንም አልመለስኩለትም። መልስ ስላልነበረኝ ነው።

ከአዲስ አበባ ዝናብ ወጥቼ የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ ስወርድ እዚያም ክረምት ነው። የእነሱ ክረምት ግን ደረቅ ነው። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት አጥንት ውስጥ የሚገባ ብርድ። ከዊንድሁክ ወደ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ኦቺዋሮንጎ የምትባል ከተማ አለች። ማዕከሉ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ እሾህ በሞላው ሜዳ ላይ ነው። ከርቀት የዋተርበርግ አምባ ይታያል። በ1904 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር ሄሬሮ የሚባሉትን የአገሩን ሕዝብ የወጋው እዚያ ነው። ያን ታሪክ የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ የሄሬሮ ልጅ ናት። ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። እኔም አምባውን ባየሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ሥጋ መቁረጥና መመዘን፣ ከዚያ ደግሞ የአቦሸማኔ ዓይነ ምድር ማጠብ ነበር። አዎ፣ ማጠብ። ቆሻሻው ሲለቅ ፀጉር ይቀራል። ፀጉሩ ደርቆ ማይክሮስኮፕ ስር ሲገባ እንስሳው ምን እንደበላ ይታወቃል። የአጋዘን ነው? የከርከሮ ነው? የፍየል ነው? እኔ ካጠብኩት ውስጥ የፍየል ፀጉር የወጣው ከስንት አንዴ ነው። አቦሸማኔ የዱር እንስሳ ካገኘ እሱን ይመርጣል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በእጄ አጥቤ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ገበሬዎቹ ለምን ይገድሉት ነበር? ናሚቢያ ውስጥ አብዛኛው አቦሸማኔ የሚኖረው ፓርክ ውስጥ አይደለም፣ የእርባታ መሬት ላይ ነው። ፓርክ ውስጥ አንበሳና ጅብ አሉ። ያደነውን ይነጥቁታል፣ ልጆቹን ይገድሉበታል። ስለዚህ ሸሽቶ ወደ ሰው መንጋ ይጠጋል። ደግሞ የሚያድነው ቀን ነው። ጅብ ሌሊት መጥቶ ፍየል ይወስዳል፣ ጠዋት ሜዳው ላይ የሚታየው አቦሸማኔ ነው። ጥፋቱም በእሱ ላይ ይለጠፋል። አቦሸማኔዎች ደጋግመው እየመጡ ሽታቸውን የሚተዉባቸው ዛፎች አሉ። ገበሬው ዛፉን ያውቀዋል። ወጥመዱን እዚያ ያስቀምጣል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ናሚቢያ ውስጥ ብዙ አቦሸማኔ ያለቀው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው 7,000 ያህል ነው ተብሎ ይገመታል፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል።

ዶክተር ሎሪ ማርከር ድርጅቱን በ1990 እ.ኤ.አ. ስትመሠርት ያደረገችው ነገር እኔን በጣም ነክቶኛል። ገበሬዎቹ ዘንድ ሄዳ ችግራቸውን ጠየቀች። ችግሩ የሚሞተው ፍየል ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎቹ መንጋ የሚጠብቅ ውሻ የመስጠት ሥራ ተጀመረ። ውሾቹ ካንጋልና የአናቶሊያ እረኛ የሚባሉ፣ ከቱርክ የመጡ ትላልቅ ዝርያዎች ናቸው።

ከሁሉም የወደድኩት በረቱን ነው። አንድ ጠዋት በ12 ሰዓት ገባሁ። ገንዳው ላይ ስስ በረዶ ጋግሯል። ግልገሎቹ ተጠጋግተው ተኝተዋል። መሀላቸው አንዲት ቡችላ አለች። አንዱ ግልገል አገጩን ጀርባዋ ላይ ጥሏል። ስጠጋ ጭራዋን ቆላች እንጂ አልተነሳችም። ልዳብሳት እጄን ስዘረጋ ኃላፊዬ ያዝ አደረገኝ። “ብዙ አትልመጂያት፣ ቤተሰቧ ፍየሎቹ ናቸው” አለኝ። ነገሩ ሁሉ ያ ነው። ቡችላዋ ከሕፃንነቷ ከፍየል ጋር ታድጋለች። መንጋ አትነዳም፣ አታሳድድም። አብራ ትውላለች፣ አብራ ታድራለች። አውሬ ሲመጣ መሀል ገብታ ትጮሃለች። አቦሸማኔ ደግሞ የሚኖረው በሩጫው ነው። እግሩ ከተጎዳ በረሃብ ይሞታል፣ ስለዚህ ጠብ ሲሸተው ትቶ ይሄዳል። ውሻ የወሰዱ ገበሬዎች ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሆነው ጉዳታቸው እንደቀነሰ ድርጅቱ ይናገራል።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ውሻ ለመከተብ ሄደን ነበር። ድሮ እሳቸውም ወጥመድ ያጠምዱ እንደነበር ነገሩን። አልደበቁም። አሁን ዛፉ ጋ አቦሸማኔ ሲያዩ ዝም ብለው ያልፋሉ። ፍየላቸው ስላልሞተች ነው። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ልጅ የሚያስተምሩት በፍየል ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ። አንድ ምሽት ድርጅቱ ሶማሌላንድ ካለው ማዕከል የተላከ ቪዲዮ አሳዩን። ከሕገወጥ ነጋዴዎች የተያዙ ደቦሎች ናቸው። አቦሸማኔ እንደ አንበሳ አያገሳም። ደቦሉ ሲጮህ እንደ ወፍ ነው፣ ዓይኔን ብጨፍን ጫጩት ነው የምለው። እነዚህ ልጆች ከእናታቸው የሚነጠቁት በአፍሪካ ቀንድ ነው፣ ከእነሱም ከኢትዮጵያ መሬት የሚወሰዱ አሉ። ከባሕር ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራሉ። ለሀብታም ቤት ጌጥ እንዲሆኑ ነው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ቪዲዮው ሲያልቅ ሁሉም ዞሮ ያየው እኔን ነበር። ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አፍሬያለሁ፣ አዝኛለሁም። ግን በአርብቶ አደሩ ላይ መፍረድ አልቻልኩም። ፍየሉ የተበላበት ሰው ደቦል አግኝቶ ለደላላ ቢሸጥ፣ ከዚያ በፊት የእሱን ፍየል ብሎ የመጣ ማን አለ? አጎቴ የጠየቀኝ ይህንን ነበር።

የቱርክ ውሻ ከየት እናመጣለን የምትሉ ትኖራላችሁ። አያስፈልገንም። ቦትስዋና ውስጥ የሚሠራው የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት የአገሩን ተራ ውሻ ነው የሚጠቀመው። ቀለቡ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱን ለምዶታል። ዋናው ነገር ቡችላው በረት ውስጥ ማደጉ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ አጎቴን ደወልኩለት። ዘንድሮ ስንት ፍየል እንደተበላበት ጠየቅሁት። ሰባት አለኝ። ስንቱን ጅብ፣ ስንቱን ቀበሮ፣ ስንቱን አቦሸማኔ በላው? አያውቅም። ማንም መዝግቦ አያውቅም። ስለዚህ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር በሴሚስተሩ እረፍት ወደዚያ ልንሄድ ነው። ቤት ለቤት እየዞርን ምን ጠፋ፣ መቼ ጠፋ፣ ዱካው የምን ነበር ብለን እንመዘግባለን። ሶማልኛ፣ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ የምትችሉ በጣም ታስፈልጉናላችሁ። ደብተሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስማችሁንና ስልካችሁን ጻፉልን። አመሰግናለሁ።